ቀይ ክር የታሰረባት ፍላሽ

በኛ ብሎክ ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋዋሳቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ ወንፊት፣ መሰላልና ፍላሽ። ወንፊቱ ተቀዶ ይመለሳል። መሰላሉ ጭራሹኑ አይመለስም። ፍላሹ ግን ታማኝ ነው፤ በሄደ ቁጥር ትርፍ ይዞ ይመጣል።

ዘመኑ 2008 ዓ.ም. ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ሳሎናችን ጥግ ላይ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነበረን። ባለቤቴ አቧራ እንዳይገባው ብላ በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አልብሳው ስለነበር፣ ካልተከፈተ በቀር ለእንግዳ ሰው የተከደነ መሶብ ነው የሚመስለው። በብሎኩ ውስጥ ፕሪንተር ያለው ቤት የኛ ብቻ በመሆኑ አገልግሎቱም ከመሶብ አልተናነሰም፤ የመጣ ሁሉ ይስተናገድበታል። ሲቪው፣ የቤት ሥራው፣ የሐዘን ማስታወቂያው፣ የዕድር ደብዳቤው፣ ሁሉም በፍላሽ ሆኖ ይመጣል። አራተኛ ፎቅ ያለችው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ የራሷ ፍላሽ ነበራት፤ ቀይ ክር የታሰረባት። አያቷ ከቡዳ ዓይን ትጠበቅ ብለው ያሰሩላት እየመሰለኝ፣ ባየኋት ቁጥር ፈገግ እል ነበር።

አንድ እሑድ፣ በረካው ከተጠጣ በኋላ፣ ባለቤቴ የልጃችንን የክርስትና ፎቶ ለእናቷ ልታሳይ ፍላሿን ሰካች። «ክርስትና» የሚለው ፎልደር ቦታው ላይ አለ። ግን ከግርጌው በግራ በኩል አንዲት ትንሽ ቀስት በቅላበታለች።

«ይቺ ቀስት ምንድን ናት?» አለችኝ።

«አዲሱ ዊንዶው እንደሱ ነው የሚያሳየው» አልኳት። ያልገባኝን ነገር ሁሉ «አዲሱ እንደሱ ነው» ማለት የቆየ ዘዴዬ ነው፤ አማቴ ባለችበት ደግሞ ግዴታዬ ነው።

ከፈተችው። ፎቶዎቹ ወጡ። አማቴ አለቀሱ፣ መረቁ፣ ሄዱ። ማታ ላይ ለራሴ ገብቼ ሳይ ግን ፍላሹ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ቀስት አብቅለዋል። መጠናቸውን ብመለከት እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎባይት ናቸው። የአራት ዓመት ፎቶ፣ ከነጥምቀቱ፣ ከነልደቱ፣ ከነሠርጉ፣ ሁለት ኪሎባይት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ፍጥረት ፎቶህን አይበላም። ፎልደሮችህ ላይ «ስውር» የሚል ምልክት ይለጥፍና ከዓይንህ ዞር ያደርጋቸዋል። በየቦታቸው ስማቸውንና መልካቸውን የያዘ አቋራጭ ያስቀምጣል፤ ከቀስቷ በቀር ልዩነት የለውም። አንተ «ክርስትና» ላይ ሁለቴ ክሊክ ስታደርግ፣ አቋራጩ መጀመሪያ ቫይረሱን ይቀሰቅሳል፤ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትልሃል። የጠየቅከውን አልከለከለህም። ፎቶህን አየህ፣ ደስ አለህ፣ ዘጋህ። እሱ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰው የማይደርስበት ጓዳ ገብቶ ራሱን ገለበጠ፤ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሳም ስሙን አስመዘገበ። ከዚያ ወዲያ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ባለቀስት ይሆናል። የሚገርመው የራሱን ሠራተኛ እንኳ ይዞ አልመጣም። ዊንዶውስ ትንንሽ ስክሪፕቶችን የሚያስኬድበት ደብሊውስክሪፕት የሚባል የገዛ ራሱ ፕሮግራም አለው፤ ቫይረሱ የሚላላከው በእሱ ነው። የቤቱን ሠራተኛ አግባብቶ ቤቱን ማስዘረፍ ይሏል ይኼ ነው።

ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ የማውቀው ሰው መጥራት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የመጣው የእህቴ ልጅ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ገና ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ «አጎቴ፣ ሾርትከት ቫይረስ ነው፤ ቀላል ነው» አለኝ። «ቀላል ነው» የሚል ባለሙያ የገጠመው ሰው ቶሎ ብሎ ራት ያስጨምር፤ እንግዳው ማምሸቱ ነው። ልጁ ቀስቶቹን አንድ በአንድ መርጦ አጠፋቸው። ፍላሹ ንጹሕ ሆነ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ንጹሕ ሆነ፤ ምንም የለበትም። ባለቤቴ ከኋላችን ቆማ በረጅሙ ተነፈሰች። ፍላሹን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ቀስቶቹ ተመልሰው በሰልፍ ቆመው ጠበቁን። አጠፋ፣ ተመለሱ። አጠፋ፣ ተመለሱ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከኪሱ የራሱን ፍላሽ አወጣና «እዚህ ላይ አንድ መድኃኒት አለኝ» ብሎ ሰካት። ስትወጣ እሷም ባለቀስት ሆና ወጣች። አይቷታል። እኔም እንዳየ አይቻለሁ። ሁለታችንም ምንም አላልንም። ራቱን በልቶ ሄደ።

ሁለተኛው መድኃኒተኛ መሥሪያ ቤት ያለው የፎርማት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ያለ አይመስለኝም። ኮምፒውተሩ ተንቀረፈፈ? ፎርማት! ፕሪንተሩ አልታዘዝ አለ? ፎርማት! የአማርኛ ፊደል አልመጣ አለ? ፎርማት! ራሱን ላመመው ሁሉ አንገት የሚቆርጥ ሐኪም ነው፤ እርግጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ ራሴን አመመኝ የሚል በሽተኛ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ከነመኪና ቁልፉ ያንጠለጠላትን ፍላሽ ይዞ መጣ። «የሚፈለግ ነገር ዲ ላይ ነው ያለው አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት፤ ዲ ማን እንደሆነ ሳላውቅ። ሲ የሚባለውን የዲስኩን ክፍል ጠረገና አዲስ ዊንዶው ጫነ።

ኮምፒውተሩ ሲከፈት እንደ አራስ ቤት ታጥቦ ተጣጥቧል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ሲ ውስጥ እንደሚያድር የተማርኩት። ለካ እዚያ ተዘርግቶ የማየው ፋይል ጠረጴዛ ላይ ያለ አልነበረም፤ ሲ ሲጠረግ አብሮ ተጠርጓል። የዕድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ የ64 አባወራ የመዋጮ ዝርዝር፣ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ፣ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ያን ወር ዕድራችን ባለዕዳ የሌለበት ዕድር ሆነ፤ ከየደጁ «ከፍዬ ነበርኮ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አዲሱ ዊንዶው ሙዚቃ ስላልነበረው፣ ባለቤቴ ቤቱ ጭር እንዳይል ብላ ያቺኑ አሮጌ ፍላሽ ሰክታ «መዝሙርና ዘፈን» የሚለውን ከፈተችው። የፎርማቱ ሰው ሻዩን ገና አልጨረሰም። ከፎርማቱ እስከ ቀስቷ መመለስ 40 ደቂቃ ፈጀ።

ሦስተኛው መድኃኒተኛ እኔው ራሴ ነኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ መንገድ ዳር ከተዘረጋ ሲዲ መሐል «ሙሉ አንቲቫይረስ ከነክራኩ» የሚል በ20 ብር ገዛሁ፤ ክራክ ማለት ሳይከፈልበት የሚከፍት የሌባ ቁልፍ ነው። ውስጡ «መጀመሪያ ይህን አንብብ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እኔ ደግሞ መመሪያ የማነብ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው ተራ ቁጥር እንዲህ ይላል፤ ክራኩን ከማስኬድህ በፊት ኮምፒውተርህ ላይ ያለውን አንቲቫይረስ አጥፋ። ዘበኛ ልትቀጥር ሄደህ፣ ዘበኛው «መጀመሪያ ውሻህን ግደልልኝ» ቢልህ ትቀጥረዋለህ? እኔ ቀጠርኩት።

አንዱ ካልበቃ ብዬ ሌላም ጨመርኩበት። ባልደረቦቼ ለፍላሽ የሚመሰክሩለትን የኢንዶኔዥያውን ስማዳቭንም አስገባሁ። ሁለት መድኃኒት ከአንድ ይሻላል ብዬ ነው። እያንዳንዱ አንቲቫይረስ የሚከፈተውን ፋይል ሁሉ መጀመሪያ እኔ ልየው የሚል ስለሆነ፣ ከአንድ በላይ ሲሆኑ በአንድ ምድጃ ላይ እንደተገናኙ ምራትና አማት ናቸው። አንዱ የነካውን ሌላው ይጠረጥራል። ኮምፒውተሩ ከመንቀርፈፉ የተነሳ በአቦል ክሊክ የተደረገ ፎልደር በበረካ ይከፈት ጀመር።

አንድ ማታ «ሙሉ ፍተሻ» የሚለውን ተጭኜ ተኛሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቼ አየሁት፤ 92 በመቶ። ጋቢዬን ተከናንቤ እንደ ዳቦ መብሰል ስጠባበቅ መብራት ሄደ። በማግሥቱ ከዜሮ ጀመረ። በሦስተኛው ሌሊት ተሳካለትና ቀይ መስኮት ብቅ ብሎ «312 ስጋት ተገኝቷል» አለኝ። ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው። ደስ አለኝ። መሥሪያ ቤት ሄጄም አወራሁት።

«ስንት አገኘብህ?» ይለኛል አንዱ።

«312!»

«ይኼማ ምን አላት፤ የኔ 540 ነበር!»

ደም ግፊቱን እንደ ፈተና ውጤት የሚያወዳድር ሰው አይታችኋል? እኛ ነን። «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን በደስታ ተጫንኩት። ከጠፉት መሐል የራሱ የአንቲቫይረሱ ክራክ እንደነበረበት የገባኝ በማግሥቱ፣ «የአገልግሎት ዘመኑ አልፏል» የሚል ማስታወቂያ ሲያወጣብኝ ነው። እንግዲህ በቤቱ ካሉት ፕሮግራሞች ሁሉ ሐቀኛው እሱ ነበር፤ ሕገወጥ ነገር ፈልግ ሲባል መጀመሪያ ያገኘው ራሱን ነው።

ቫይረሱ ግን አለ። ቀስቷም አለች።

በነዚያ ሌሊቶች ፍተሻው እስኪያልቅ የቫይረስ ታሪክ አነብ ነበር፤ በሽታውን ያወቀ ሰው በከፊል የዳነ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 «ብሬን» የተባለውን፣ በአይቢኤም መሰል የግል ኮምፒውተሮች ላይ የመጀመሪያ የሚባለውን ቫይረስ የሠሩት የፓኪስታን ላሆር ከተማ ወንድማማቾች፣ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ ናቸው። የሠሩትን የሕክምና ሶፍትዌር ሰው ያለፈቃድ እየገለበጠ ስላስቸገራቸው ያንን ለመከታተል ነው ይላሉ። የሚያስቀው ግን ቫይረሱ ውስጥ ስማቸውን፣ የሱቃቸውን አድራሻና ስልካቸውን ጽፈው፣ ክትባት የፈለገ ይደውልልን ማለታቸው ነው። ከባሕር ማዶ ሳይቀር ተደወለላቸው። እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ! ያም ቫይረስ ቢሆን በራሱ እግር አልሄደም፤ ሰው ለሰው በተዋዋሰው ፍሎፒ ነው አገር ያቋረጠው።

ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ የተነሳው ደግሞ «እወድሃለሁ» የሚል ኢሜይል ነበር። የተያያዘው ፋይል ተራ የጽሑፍ ደብዳቤ ይመስላል፤ ዊንዶውስ የፋይሉን የመጨረሻ ቅጥያ ስለሚደብቀው እንጂ ስክሪፕት ነበር። ያስኬደውም ያው የኔው ቤት ሠራተኛ፣ ደብሊውስክሪፕት ነው። የከፈተው ሰው አድራሻ መዝገብ ውስጥ ላሉት ሁሉ ያንኑ የፍቅር ደብዳቤ ይልካል። አለቃው «እወድሃለሁ» ብሎ የላከለት ሠራተኛ አይከፍትም? መውደዱ ባይታመን እንኳ አለመክፈት ያስቀይማል። በአገሩ ለዚህ ጥፋት የሚሆን ሕግ ስላልነበረ የተጠረጠረው ወጣት ሳይከሰስ ቀረ።

በ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኮንፊከር የተባለው መጣና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ለከፈ፤ ማይክሮሶፍት ሠሪውን ለጠቆመ 250,000 ዶላር እሰጣለሁ እስከማለት ደረሰ። እሱም ከመግቢያዎቹ አንዱ ፍላሽ ነበር። በዚያን ጊዜ ፍላሽ ሲሰካ በላዩ ያለውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያስጀምርበት ልማድ ነበረ። ማይክሮሶፍት ይህን ልማድ በዊንዶውስ 7 ዘጋው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለቀደሙት ለኤክስፒና ለቪስታም በማሻሻያ ዘጋው። በሩ ተቆለፈ። የፍላሽ ቫይረስ ሠሪዎችስ ምን አደረጉ? በሩን የሚከፍትላቸው ሰው ፈለጉ። ቀስቷን የወለዳት ይኼ ነው። በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ በሁለት ክሊክ።

ሁሉም አልሆን ሲለኝ መገናኛ አካባቢ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ወዳለች ጠባብ የጥገና ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ቀጭን ወጣት ነው፤ ብየዳውን እንደያዘ ቀና ብሎ ሳያየኝ አዳመጠኝ። ስጨርስ ስለ ኮምፒውተሩ ምንም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ስንት ፍላሽ አላችሁ?»

«አንድ።»

«ይደውሉ እስኪ ወደ ቤት።»

ባለቤቴ በስልክ «ሁለት» አለች። ከዚያ «ቆይ» አለችና መሳቢያ ሲከፈት ተሰማኝ። ቡፌው ላይ ስኒ ውስጥ አንድ። የልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ አንድ። ከበዓል ጀምሮ ያልታጠበ ጃኬት ኪስ ውስጥ አንድ። ካሜራው ውስጥ ያለው ካርድ። የስልኳ ሜሞሪ። ከነዚያ ሁለቱ ጋር ሰባት ደረሱ። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። «እከክ የያዛቸው ልጆች ሰባት ሆነው አንዱን ብቻ ቢያጥቡት ሌሊቱን አብረው ነው የሚያድሩት» አለኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ዲግሪውን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

በማግሥቱ ቤት መጣ። ዳንቴሉን አጣጥፎ ሶፋ ላይ አስቀመጠ። ሰባቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አንዱንም ሳይሰካ ከኮምፒውተሩ ጀመረ። ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ደብሊውስክሪፕት ሲሠራ አገኘውና አስቆመው። «ይኼ ሳይቆም ቀስት ማጥፋት ቧንቧ ሳይዘጉ ወለል መወልወል ነው» አለ። ከዚያ አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ስሙን ሰረዘ። ስውር ፋይሎች እንዲታዩ አድርጎ አፕዴታ የሚባለው ጓዳ ውስጥ ገባ። ተሸሽጎ የነበረውን አገኘው፤ ትርጉም በሌላቸው ዘጠኝ ፊደላት የተሰየመ ሚጢጢ ፋይል። መጨረሻዎቹ ሁለቱ ዜድና ኪው ነበሩ፤ እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። ያን ሁሉ ሌሊት ያሳጣኝ ነገር ከአንድ የሐዘን ማስታወቂያ ያነሰ ነበር። አጠፋው። ኤፍ 8ን ተጭኖ በሴፍ ሞድ አስነሳው፤ አለመመለሱን አረጋገጠ። ከሲዲው የጫንኩትን ትርኪ ምርኪ ሁሉ ነቅሎ አንድ ሕጋዊ ነጻ አንቲቫይረስ ብቻ ተወልኝ።

ቀጥሎ ፍላሾቹን ተራ በተራ ሰካ። አንዱንም ክሊክ አድርጎ አልከፈተም። ጥቁሩን መስኮት አምጥቶ «አትሪብ» የምትባል ትእዛዝ ጻፈ፤ ኤች፣ አር፣ ኤስ የሚሉ ሦስት ፊደላት፣ ከየፊታቸው የመቀነስ ምልክት። ስውርነቱ ይነሳ ማለት ነው። ኤንተርን ሲጫን ፎልደሮቹ ከተሸሸጉበት እየወጡ መጡ። «ክርስትና» ያለ ቀስት። «ሠርግ» ያለ ቀስት። ባለቤቴ የልጃችንን ፎቶ ስታይ ከቀጭኑ ወጣት ጋር በደስታ ተጨባበጠች፤ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ አንዱም ፎቶ ከፍላሹ ወጥቶ አያውቅም። የጠፋው ነገር ቢኖር እኛ ያጠፋነው ነው።

150 ብር ተቀበለኝና በር ላይ ቆም አለ። «ጋሼ፣ ቫይረሱኮ ግትር አይደለም። ከእንግዲህ የሰው ፍላሽ ሲመጣ ሳይከፍቱ መጀመሪያ ስካን ያድርጉ።»

«ሰውየው ፊት?»

«ሰውየው ፊት።»

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ሥራው አይደለም፤ አንድ የቀኝ ክሊክ ነው። ግን በኛ አገር የእንግዳን ፍላሽ እፊቱ ስካን ማድረግ፣ እንግዳ ከመውጣቱ በፊት ስኒ እንደ መቁጠር ነው። ሰው ሲቪውን ላሳትም ብሎ ቤትህ ሲመጣ «ቆይ፣ ንጹሕ መሆንህን ላረጋግጥ» ትለዋለህ? ፓኪስታናውያኑ በሰው ፍሎፒ፣ ፊሊፒንሳዊው በሰው ፍቅር ተጠቀሙ፤ የኛው ቀስት የምትኖረው በይሉኝታ ነው። ይሉኝታ እያለ ቫይረስ ሌላ ምን ቀዳዳ ያስፈልገዋል?

የመጀመሪያው ፈተና በሦስተኛው ቀን መጣ። ምድር ቤት ያሉት ጡረተኛ ጋሼ የዕድሩን አዲስ መተዳደሪያ ደንብ ላሳትም ብለው መጡ። ፍላሻቸው በሰፊ ላስቲክ ተጠምጥማለች። ሰካኋት፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስካኑን ተጫንኩ።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ኮምፒውተሩ ነው ጋሼ፤ ሳይተዋወቅ አይከፍትም።»

ቀዩ መስኮት ብቅ አለ። «3 ስጋት ተገኝቷል።» ከሶፋው ላይ ዳንቴሉን አንስቼ ስክሪኑን አለበስኩት። «ምነው?» አሉኝ። «ብርሃኑ ዓይንዎን እንዳይጎዳዎት» አልኳቸው። በዳንቴሉ ቀዳዳ አሾልቄ ስመለከት ያ ስም አለ፤ መጨረሻው ዜድና ኪው። ደሜ ፈላ። ለካ ያመጡብኝ እኚህ ሰው ናቸው! ሽማግሌ ናቸው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ በልቤ ያላልኳቸው የለም። አጥፍቼ፣ ደንባቸውን አትሜ፣ እየመረቁኝ ሸኘኋቸው። ማታ ለባለቤቴ «ምንጩን አገኘሁት» አልኳት፤ ሹክ ብዬ፣ ሰው እንዳይሰማ።

በሳምንቱ የአራተኛ ፎቋ ልጅ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። ባለቀይ ክሯን ፍላሽ ዘረጋችልኝ። ለሕፃን ልጅ ይሉኝታ ስለሌለ በድፍረት ነገርኳት።

«ኮምፒውተራችን ድኗል። ቫይረስ የሚባል ነገር የለበትም።»

ፊቷ በራ። «እውነት ጋሼ? ታዲያ ክሩን ልፍታው?»

«የቱን ክር?»

«ይኼን! እማዬ ናት ያሰረችው። ይቺ ለእናንተ ቤት ብቻ ናት፤ ከሌላው ፍላሻችን እንዳትቀላቀል ብላ ነው። ከዚህ ስመለስ እማዬ ሁልጊዜ ፎርማት ታደርጋታለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና። ሁሉም ቤት እኮ ለእናንተ የሚሆን አላቸው። የጋሼ ባለ ላስቲኳ አይደለች?»

ወንበሩን ሳብኩና ተቀመጥኩ። ምንጩን አገኘሁት ያልኩት ዳንቴል ሸፍኜ ነው። ብሎኩ ሙሉ አንድ ዓመት አውቆኛል፤ ክር አስሮ፣ ላስቲክ ጠምጥሞ፣ ምልክት አድርጎ፣ አትሞ፣ መርቆ ሄዷል። አንድም ሰው «ያንተ ቤት ነው የሚያስተላልፈው» ብሎኝ አያውቅም። እንዴት ይበለኝ? ወረቀቱም ቀለሙም የኔ ነው፤ ብርም አልቀበልም። የእህቴ ልጅ እንኳ ፍላሿን በኪሱ ከትቶ ራቱን በልቶ ነው የሄደው።

ፍላሿን ተቀብዬ ሰካኋት። ዳንቴሉን አላነሳሁም። ልጅቷ ከጎኔ ቆማ እያየች ስካን አደረግኩ። ውጤቱ ዜሮ ነው።

የቤት ሥራዋን አትሜ ሰጠኋት። «እማዬን ልጠይቃት» ብላ ወደ ላይ ሮጠች። በማግሥቱ ስትመጣ ክሩ እንደታሰረ ነው።

«እማዬ፣ ለጊዜው ይቆይ ብላለች» አለችኝ፤ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ።

«ጥሩ ብላለች» አልኳት። ሰካኋት።